ከኮርቻ ባዶ ጀልባ አይመለስም

ኮርቻን ከሩቅ ያያት ሰው ሁለት ደሴት ትመስለዋለች። አንድ ናት። በምሥራቅ ትልቁ ጉብታ፣ በምዕራብ ትንሹ ጉብታ፣ በመሃል ሁለቱን የሚያገናኝ ዝቅ ያለ ነጭ አሸዋ። አሸዋውን አንገት እንለዋለን። ሰው አይኖርባትም። የሚኖሩባት የእኛ ፍየሎች፣ እኛን ሲያዩ የሚሳደቡ የሚመስሉ ወፎችና የቀረውን ሁሉ የሚለቃቅሙ ሸርጣኖች ናቸው።

ፈጣሪ ኮርቻን ሲሠራት ትንሽ ተንኮል ሳያስብ አልቀረም። ሣሩን በትልቁ ጉብታ ላይ አበቀለ፣ ውሃውን በትንሹ ላይ አስቀመጠ። ትልቁ ጉብታ ዙሪያውን ገደል ስለሆነ ጀልባ አያስጠጋም። ቁልቋልና እሾህ ሞልቶታል፤ ጎድጓዳው ውስጥ ደግሞ ያ ፍሬው ፖም የሚመስል፣ በዝናብ ከሥሩ የተጠለለን ሰው ቆዳ የሚልጥ መርዘኛ ዛፍ አለ። ጠብታ ውሃ ግን የለውም። ውሃው በትንሹ ጉብታ፣ ከሾላው ሥር ባለች የድንጋይ ገንዳ ውስጥ ነው፤ ጀልባ የሚቆምበት ዳርቻም እዚያው ነው። ስለዚህ ሰውም ፍየልም ኑሮው በአንገቱ ላይ መመላለስ ነው።

አንገቱ ላይ የቆመ ሰው ከሰሜን የሚመጣውን ማዕበል አያይም፤ የትንሹ ጉብታ ጫፍ ይጋርደዋል። ጫፉ ላይ ካለው አለት የቆመ ግን ሁሉን ያያል። በዚህ ምክንያት ከጥንት ጀምሮ ወንዶቹ ፍየል ሊይዙ ሲሻገሩ አንዲት ሴት አለቱ ላይ ትቆማለች። የባሕሩ ጩኸት ድምፅ ስለማያሰማ የምታወራው በሻሿ ነው። ሻሹ ራሷ ላይ እንደታሰረ ከሆነ ቆይ ማለት ነው፤ ፈትታ ካውለበለበችው ተሻገር ማለት ነው። የመጨረሻው ሰው ሳይሻገር ከአለቱ አትወርድም። የባሌ እናት ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ሠርታለች። እሷ ስታርፍ ሥራው ለእኔ፣ ለዶርካ፣ ተላለፈ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ምራት አይደለሁ?

ሌላም ልማድ አለን። ከኮርቻ ባዶ ጀልባ አይመለስም። ባዶ መመለስ ገደቢስ ነው ይባላል፤ ደግሞም ያልከበደ ጀልባ በዚያ ወሽመጥ ላይ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ፍየል ካነሰ አሸዋ በጆንያ ይጫናል፤ ፍየል ከበዛም ትንሽ አሸዋ አይጠላም። ከአንገቱ መሃል የሚዛቀው ጥራጥሬው ወፍራም፣ ንጹሕ፣ ለሲሚንቶ የተፈጠረ ነው። በምንኖርበት ደሴት በካሪያኩ፣ በሰፈራችን ውስጥ ከኮርቻ አሸዋ ያልተሠራ ወለል ብትፈልጉ አታገኙም። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ፣ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ፣ የአማቴ መቃብር ሳይቀር ከዚያ ነው። ባለፈው ዓመት እኔና ባሌ ኤልፎርድ የራሳችንን ቤት ስንሠራ ጀልባው ስንቴ እንደተመላለሰ አላውቅም። አሸዋው የእግዜር ነው፣ ባሕሩ ይመልሰዋል እንል ነበር።

ያን ቀን ለፋሲካ የሚታረዱ ፍየሎች ልናመጣ በማለዳ ደረስን። አራት ነበርን፤ እኔ፣ ኤልፎርድ፣ አባቱ ፓፓ ሲልቫን፣ ጀልባውን የሚነዳው የአጎቱ ልጅ ጊፍተን። ነፋስ የለም። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ተኝቷል። ኤልፎርድ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ በባዶ እግሩ በደረቁ አሸዋ ላይ ተሻገረ። መሃል ላይ ስንዝቅበት የኖርነው ቦታ እንደ አልጋ ጎድጉዷል፤ ወርዶ በዚያ በኩል ሲወጣ ወደ እኛ ዞሮ፣

«ቤታችንን ስትፈልጉ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ አለላችሁ» አለና ሳቀ።

እኛም ሳቅን። እኔና ጊፍተን አካፋ ይዘን ገባንበትና ጆንያ መሙላት ጀመርን። ፓፓ ሲልቫን ከሾላው ሥር ድስት ጥዶ የበቆሎ ገንፎ እያማሰለ ያሾፍብናል። ዓይኑ በሞራ ተሸፍኗል፤ ምላሱ ግን አልተሸፈነም።

«ጊፍተን፣ አካፋውን ነው የያዝከው ወይስ አካፋው አንተን ነው የያዘህ?»

«ፓፓ፣ እርስዎ ገንፎውን ይጠብቁ። ባለፈው ጊዜ ያበሉን እኮ ለልስን ይሆን ነበር።»

ረፋዱ ላይ እግሬ ሥር ያለው አሸዋ ቀዘቀዘ። ዝቅ ብዬ ሳይ ውሃ ነው። ነፋስ ሳይኖር፣ ደመና ሳይኖር፣ ሩቅ ሰሜን አገር ያበደ ማዕበል አንዳንዴ በዚህ ወቅት እኛ ድረስ ይመጣል። ጫጫታ የለውም፤ ባሕሩ ተኝቶ እንደሚተነፍስ ሰው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ዳርቻ ሲደርስ ይነሳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው። አካፋዬን ጥዬ ወደ አለቱ ሮጥኩ።

ከሰሜን በኩል ረጃጅም የውሃ እጥፋቶች ተሰልፈው ይመጣሉ። የመጀመሪያዎቹ አንገቱን ከዳር እስከ ዳር አለበሱት። ጊፍተን ዳርቻው ላይ ገና ያልተጫኑትን ጆንያዎች ትቶ ወደ ጀልባው ገባ። ኤልፎርድ ደግሞ የያዛቸውን ፍየሎች በገመድ አያይዞ ከወዲያኛው ጫፍ ደርሷል። ቆሞ ወደ እኔ ያያል። ሻሼ ራሴ ላይ ነው።

መጠበቅ ብቻ ነው አልኩ ለራሴ። አንገቱ ከአያቶቻችን ጀምሮ በእንዲህ ያለ ቀን ይሸፈናል፤ ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ማዕበሉ ተራ ተራውን ይመጣና ትንሽ ያርፋል፤ ባረፈ ጊዜ ሻሽ ይነሳል፣ ሰው ይሻገራል። ደግሞም ኤልፎርድ ዋና አያውቅም። የእኛ ወንዶች ዕድሜያቸውን ባሕር ላይ ኖረው አይዋኙም፤ መዋኘት የሚማር ለመስጠም ያሰበ ነው ይላሉ። በጉልበት ውሃ ውስጥ ለመራመድ ግን ዋና አያስፈልግም።

ማዕበሉ አረፈ። እጄን ወደ ሻሼ ላክሁ፣ ቋጠሮውን ያዝኩት። ከዚያ ደግሜ አየሁ።

በግራም በቀኝም ትንሿ ሞገድ አሸዋው ላይ ስትደርስ ነጭ አረፋ እየሆነች ትሰበራለች። መሃል ላይ ግን አትሰበርም። እዚያ ጠዋት ስንዝቅበት በነበረው ቦታ ውሃው ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ እየተጣደፈ ወደ ደቡብ ያልፋል። ያልተሰበረ ውሃ ጥልቅ ነው። ይህን የእኛ ልጅ ሁሉ አፉን ሲፈታ ያውቀዋል። እጄ ቋጠሮው ላይ ቀረ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» ፓፓ ሲልቫን ከሥሬ ጮኸ። ማዕበሉ ማረፉን በጆሮው አውቋል።

«መሃሉ ጠቁሯል፣ ፓፓ።»

«ምኑ?»

«አንገቱ። መሃሉ ላይ ውሃው አይሰበርም። የተቆረጠ መሰለኝ።»

«አንገቱ ተቆርጦ አያውቅም። ጣሪያችንን የወሰደው አውሎ ነፋስ እንኳን አልቆረጠውም። አንሺ ሻሹን።»

«እርስዎ አያዩትም እኮ።»

አፌን በቆረጠው ኖሮ። ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባለቤቴ አርባ ዓመት እዚያ አለት ላይ ስትቆም እኔ በአንገቱ ላይ ነበርኩ። እግሬ ያየዋል። አንቺ የቤተ ክርስቲያን ደረጃ ስትወጪም ትፈሪያለሽ» አለኝ።

ማዕበሉ ተመልሶ መጣ። አንገቱ በአረፋ ተሸፈነና መሃሉም ዳሩም አንድ ሆነ። እውነት አይቼ ነው ወይስ ፍርሃቴ ነው የጠቆረው? ኤልፎርድ ከወዲያ በኩል እጆቹን ዘርግቶ ምነው ይላል። ከሱ ቦታ የሚታየው የሚያብረቀርቅ ውሃ ብቻ ነው። በእኔ ያምናል፤ ሻሼን ባነሳ ዘሎ ይገባል። ልቤ የደነገጠው በዚህ ነው። ምነው የማያምነኝ ባል በኖረኝ አልኩ።

ጊፍተን ከዳርቻው እየሮጠ መጣ። «ዶርካ፣ ማዕበሉ ጉብታውን ዞሮ ጀልባው ጋ ደርሷል። መልህቁ እየተጎተተ ነው። ወይ አንሺ ወይ ውረጂ።»

«አላነሳም።»

«ካላነሳሽ ጥለነው መሄዳችን ነው። ይሄ ባሕር ዛሬ አይረጋም። ነገም ላይረጋ ይችላል። ወዲያ ውሃ እንደሌለ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ልጄን በጥም ልትገድይው ነው» አለ ፓፓ ሲልቫን። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

እንደገና ማዕበሉ አረፈ፤ አሁን ረዘም አለ። በዚያ ዕረፍት ውስጥ ኤልፎርድ በደህና እግር ተራምዶ ሊደርስ ይችል ነበር፣ አንገቱ ድሮ የምናውቀው አንገት ቢሆን። መሃሉን አፍጥጬ አየሁት። ጥቁር ነው። ጥቁር መሰለኝ። እጄን ከቋጠሮው ላይ አውርጄ ቀሚሴን ጨበጥኩ።

ሄዱ። ጊፍተን ሽማግሌውን አቅፎ ጀልባው ውስጥ አስገባው፤ የሞሉት ጥቂት ጆንያዎች አስቀድመው ተጭነው ነበር። ነይ ውረጂ ብለው አልለመኑኝም፤ የመጨረሻው ሰው ሳይሻገር ሻሽ የያዘች አትወርድም። ጀልባው በአረፋው መሃል አፍንጫውን ሽቅብ እየሰቀለ ሲርቅ፣ ኤልፎርድ ከወዲያ ሆኖ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ፊቱ አይለይም፤ ርቀቱ ብዙ ነው። ምን አስቦ ይሆን? ፍየሎቹን ፈትቶ ለቀቃቸውና አሸዋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

እኔ በውሃው በኩል ነኝ፣ እሱ በጥሙ በኩል። የሾላው ጥላ አለኝ፣ ገንዳው ሞልቶልኛል፣ ፓፓ ሲልቫን የተወው ገንፎ አለ። ባዶ ጠርሙስ ውሃ ሞልቼ ክዳኑን አጥብቄ፣ እስከምችለው አንገቱ ላይ ወርጄ ወደ እሱ ወረወርኩት። ውሃው መሃል ላይ ነጥቆ ወደ ደቡብ፣ ወደ ባዶው ባሕር ወሰደው። ሁለተኛውንም እንደዚሁ። ሦስተኛ ጠርሙስ አልነበረኝም። ወደ አለቱ ተመልሼ ወጣሁ። እዚያ ሆኜ ለማልቀስ እንኳን አልደፈርኩም፤ ፊቴን በሻሼ ብጠርገው ተሻገር ያልኩት ይመስለዋል።

በማግሥቱ ባሕሩ አልረጋም፤ ማረፊያዎቹ ግን ረዘሙ። በእያንዳንዱ ማረፊያ ኤልፎርድ ይነሳል፣ እግሩን ውሃው ውስጥ ያደርጋል፣ ያየኛል። እያንዳንዱ ማረፊያ ለእኔ ፍርድ ነበር። አሁንስ? አሁንስ? ሰው ውሃ ሳይጠጣ በዚያ ፀሐይ ምን ያህል ይቆማል? ደግሞ ጥቁሩ ነገር አሁን አለ፣ አሁን የለም፣ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ሁሉም ይጠቁራል። ምናልባት ደህና አንገት ነው። ምናልባት እኔ ፈሪ ነኝ፣ ባሌም በእኔ ፍርሃት እየደረቀ ነው። ከቀትር በኋላ ተስፋ ቆረጥኩና ቋጠሮውን ፈታሁት። ሻሹ በእጄ ላይ ነበር፣ ማንሳት ብቻ ነው የቀረኝ።

ያኔ ኤልፎርድ ጀርባውን ሰጠኝና ወደ እሾሁ ገባ። ሲመለስ አውራውን ፍየል፣ ያን ጢሙ እንደ ቄስ የረዘመ ክፉ ፍየል፣ በገመድ እየጎተተ ነው። ሻሼን መልሼ ራሴ ላይ ጠመጠምኩት። ማዕበሉ ሲያርፍ ፍየሉን ከፊቱ አስገባው፣ ራሱ ገመዱን ይዞ ከኋላው። ፍየሉን የንጹሑ ውሃ ሽታ ሸቶታል፤ ወደ ገንዳው መሄዱ ነው ብሎ በደስታ ገባ። ጉልበቱ ድረስ። ሆዱ ድረስ። ከዚያ ጠፋ። ቀንዱ አንድ ጊዜ ብቅ አለ፣ ወደ ደቡብ ሲሮጥ አየሁት፣ ገመዱ ኤልፎርድን በግንባሩ ደፋው፣ ውሃ ውስጥ ጎተተው። ስሙን ጠራሁት፤ ድምፄን እኔም አልሰማሁትም። ገመዱን ለቀቀ። በአራት እግሩ እየዳኸ ወጣና አሸዋው ላይ ተዘረረ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ተነሥቶ አየኝ። ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ እንደ ሴት ሻሽ ራሱ ላይ አሰረው። እቆያለሁ ማለቱ ነው። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ ሁለቱም አብረው ሲመጡ ሰው ምን እንደሚመስል ያዩኝ ወፎቹ ብቻ ናቸው።

ልክ መሆኔ ግን ለኤልፎርድ ውሃ አልሆነውም። ያን ቀን ሙሉ፣ በሦስተኛውም ቀን ማለዳ፣ ዓይኔን ከሱ ላይ አልነቀልኩም። አንዳንዴ ጥላ ፍለጋ ይገባና ይቆያል፤ ያን መርዘኛ ዛፍ ይሆን የተጠለለው እላለሁ። ሲወጣ እተነፍሳለሁ። ሲቀመጥ፣ የተቀመጠው ነው ወይስ የወደቀው እላለሁ።

ሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ባሕሩ ምንም እንዳላደረገ ሁሉ ተኛ። የጊፍተን ጀልባ መጣ። እኔን ከዳርቻው ወሰዱኝና በደቡብ በኩል ዞረን ወደ አንገቱ ተጠጋን። ጀልባው ድሮ አሸዋ በነበረበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው ተነሥቶ የመቅዘፊያውን ረጅም ዘንግ ከጊፍተን እጅ ተቀበለ፣ ወደ ውሃው ሰደደው። ዘንጉ ወረደ። ወረደ። እስከ ጭብጡ ድረስ ገባና እጁ ራሰ፤ መሬት አልነካም። አውጥቶ እንደገና ሰደደው። ከዚያ ዘንጉን አስቀምጦ እጄን ፈልጎ አገኘና ይዞት ተቀመጠ።

ኤልፎርድ በራሱ እግር ወደ ጀልባው ገባ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ግን ደህና ነው። ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ ሲያበቃ መጀመሪያ ያለኝ ነገር፣

«ዶርካ፣ የፍየል ወተት ጠጣሁ» ነው።

ከልጅነቱ ጀምሮ ሽታው የሚያቅለሸልሸው ሰው ነው። አንዲት ግልገል ያላትን እናት ፍየል ይዞ ባርኔጣው ውስጥ ሲያልባት ነበር ጥላ ገባ እያልኩ የምጨነቀው።

«እንዴት ነበር?» አለው ጊፍተን።

«እንደ ባርኔጣ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ ፓፓ ሲልቫን ግን አልሳቀም። ጊፍተን በልማዱ ጀልባውን ወደ ቀረው አሸዋ አስጠግቶ ባዶ ጆንያዎቹን ከመቀመጫው ሥር ይጎትት ጀመር። ክፋት አልነበረውም። እጁ ያለ አሳብ የሚሠራው ሥራ ነው። ሁላችንም አየነው። እሱም እንደምናየው አየ፣ ጆንያዎቹንም ቀስ ብሎ መልሶ ከተታቸው።

«ባዶ ከሄድን እንንገዳገዳለን» አለ።

«እንንገዳገድ» አለ ፓፓ ሲልቫን። ተነሥቶ ጀልባው ወለል መሃል፣ ጆንያ በሚደረደርበት ቦታ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። «እኔ አሸዋ ልሁን። ንዳ።»

ወሽመጡን ስንሻገር ጀልባው እንደፈራነው ተንገዳገደ፤ ሽማግሌው ሁለቴ አስመለሰው፣ እኔም እስከ ሰፈራችን ድረስ የጀልባውን ጎን በጥፍሬ እንደያዝኩ ነበርኩ። ባዶ ጀልባ ከኮርቻ ሲመለስ ያየ ጎረቤት ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት ወደ ዳርቻው ወረደ። ፓፓ ሲልቫን እነሱን ሰብስቦ ሲነግራቸው እኔና ኤልፎርድ ወደ ቤታችን ወጣን።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። ኤልፎርድ ደፍ ላይ ቆመ። ወለላችን ገና ቀለም አልተቀባም፤ ቀረብ ብሎ ላየው የአንገቱ ነጭ ጥራጥሬ በሲሚንቶው ውስጥ ይታያል። ከበሩ እስከ አልጋው ክፍል ድረስ አየው፣ እንደገና አየው።

«ግባ እንጂ» አልኩት። «ምን ትጠብቃለህ?»

«ሻሽሽ ራስሽ ላይ ነው።»

እየቀለደ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁት። አልቀለደም። ሻሼን ፈታሁ፣ ወዲያኛው ጫፍ ቆሜ ከፍ አድርጌ አውለበለብኩለት። በባዶ እግሩ፣ አንዱን እግር አስቀድሞ እየሞከረ፣ ወደ እኔ ተሻገረ።